አሪል አዮዳይድን ከአማይድ ጋር በመዳብ ማጣመር፦ የጎልድበርግ ሪአክሽን ከሚዛን እስከ ኮለም

አሮማቲክ ቀለበት ላይ ናይትሮጅን ለመትከል ሲፈለግ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፓላዲየምን ነው። የሚተከለው አማይድ (ናይትሮጅኑ ከካርቦኒል ጋር የተያያዘ ውህድ) ከሆነ ግን መዳብ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም ይሻላል። ፍሪትዝ ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1901 ሁለት አሪል ሃላይዶችን (አሮማቲክ ቀለበታቸው ላይ ሃሎጅን ያለባቸውን ውህዶች) በመዳብ አጣመረ፣ በ1903 ደግሞ አኒሊንን። ኢርማ ጎልድበርግ በ1906 መዳቡን በጥቂቱ፣ ለካታሊስትነት ብቻ ተጠቅማ አማይድን ማጣመር እንደሚቻል አሳየች። ያኔ ሥራው የሚከናወነው 210 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላ ናይትሮቤንዚን ውስጥ ስለነበር ብዙ ሞለኪውል አይችለውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በኤምአይቲ የስቲቨን ቡክዋልድ ቡድን ዳያሚን ሊጋንድ (መዳቡን ይዞ ሥራውን የሚያግዝ፣ ሁለት ናይትሮጅን ያለው ሞለኪውል) ጨምሮ ሙቀቱን ወደ 110 ዲግሪ አወረደው። እዚህ የምንሠራው በዚህ በኋለኛው መንገድ ነው።

ምሳሌው 4-አዮዶአኒሶልን ከ2-ፒሮሊዲኖን ጋር አጣምሮ 1-(4-ሜቶክሲፌኒል)ፒሮሊዲን-2-ኦንን ማግኘት ነው። ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ መነሻዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ውጤቱ ጠጣር ነው፣ በኤንኤምአር (በማግኔት ሞለኪውልን የሚለይ መሣሪያ) ላይ መነሻውና ውጤቱ በግልጽ ይለያሉ።

ለ5 ሚሊ ሞል የሚያስፈልገው

4-አዮዶአኒሶል፦ 1.17 ግራም (5.0 ሚሊ ሞል)
2-ፒሮሊዲኖን፦ 0.46 ሚሊ ሊትር፣ በሚዛን 0.51 ግራም (6.0 ሚሊ ሞል)
ኮፐር አዮዳይድ፦ 48 ሚሊ ግራም (0.25 ሚሊ ሞል፣ ማለትም ከአዮዶአኒሶሉ ሞል 5 በመቶ፣ ወይም 5 ሞል በመቶ)
ዲሜቲል ኤቲሊን ዳያሚን፦ 54 ማይክሮ ሊትር (0.50 ሚሊ ሞል፣ 10 ሞል በመቶ)
ፖታሲየም ፎስፌት፣ ውሃ አልባ፦ 2.12 ግራም (10 ሚሊ ሞል)
ቶሉኢን፣ ደረቅ፦ 5 ሚሊ ሊትር

ዕቃው፦ ባለ ቴፍሎን ቡሎን 25 ሚሊ ሊትር ሽሌንክ ቱቦ ወይም ግፊት የሚችል ወፍራም ባለ ክዳን ቱቦ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ማግኔት፣ የ100 ማይክሮ ሊትር ሲሪንጅ፣ ቫኪዩምና አርጎን። አርጎን ከሌለ ደረቅ ናይትሮጅን ይሠራል።

ጠርሙሱን ሳያነቡ አይጀመርም

ይህ ሪአክሽን እንቢ ሲል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመደርደሪያው ላይ እንጂ በሙቀቱ ወይም በሰዓቱ አይደለም። ሁለት ጠርሙሶች በተለይ ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው ሊጋንዱ ነው። ዲሜቲል ኤቲሊን ዳያሚን የሚባሉ ሁለት ኢሶመሮች ይሸጣሉ። የሚፈለገው በእያንዳንዱ ናይትሮጅን ላይ አንድ አንድ ሜቲል ያለው ነው፤ የካስ ቁጥሩ (እያንዳንዱ ኬሚካል የሚለይበት የምዝገባ ቁጥር) 110-70-3 ነው። ሁለቱም ሜቲሎች በአንድ ናይትሮጅን ላይ የተሰበሰቡበት፣ ቁጥሩ 108-00-9 የሆነው፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ አንድ ነው፣ ሽታውም ያው የአሚን ሽታ ነው፤ በሥራው ግን አይተካውም። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። ፈሳሹ ቀለም የሌለው መሆን አለበት። ወደ ቡናማ ካዘነበለ አየር ስለነካው በጥንቃቄ ዲስቲል አድርጋችሁ በአርጎን ሥር አስቀምጡት።

ሁለተኛው ቤዙ ነው። በየባዮኬሚስትሪ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ፖታሲየም ፎስፌት አይጠፋም፤ ነገር ግን እዚያ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለበፈር የሚያገለግለው ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ፖታሲየሙ ነው። ለእኛ የሚሆነው ሦስት ፖታሲየም ያለው፣ ካስ ቁጥሩ 7778-53-2 የሆነው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ደካማ ስለሆኑ የአማይዱን ፕሮቶን አያነሱም፤ በማግሥቱ የሚገኘው ሳይነካ የቀረ አዮዶአኒሶል ነው።

ትክክለኛው ጠርሙስ ተገኘም ማለት ተጨረሰ ማለት አይደለም። ይህ ጨው ከአየር ውሃ ይስባል። በሙቀጫ አልሙት፤ ሌሊቱን በቫኪዩም ሥር 120 ዲግሪ ላይ አድርቁት፤ ሳይቀዘቅዝ ጥብቅ ክዳን ወዳለው ዕቃ ገልብጡት። መውቀጡ ለውበት አይደለም፦ ጨው በቶሉኢን ውስጥ ስለማይሟሟ የሚሠራው በገጹ ነው፤ ፍሬው ትልቅ ከሆነ የሚሠራው ገጽ ያንሳል።

ኮፐር አዮዳይድ ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ እንዳለ ይመዘናል። ቡናማ ከሆነ ነፃ አዮዲን አለበት። ለማጽዳት 1 ግራሙን በ8 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከሟሟ 10 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ጋር አሙቃችሁ አሟሙት፤ ጥቂት አክቲቭ ካርቦን ጨምራችሁ ትኩሱን አጣሩት፤ ከዚያ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ነጩ ጨው ተመልሶ ይወርዳል። በውሃ፣ በኤታኖል፣ በመጨረሻም በዳይኤቲል ኤተር አጥባችሁ በቫኪዩም አድርቁት። ደረቁ ኮፐር አዮዳይድ አየር ላይ ስለማይበላሽ በክፍት ሚዛን መመዘን ችግር የለውም። አየር የሚጎዳው ዳያሚኑ አሟሙቶት ወደ ፈሳሹ ከገባ በኋላ ነው።

ፒሮሊዲኖን 25 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በቀዝቃዛ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ብታገኙት ተበላሽቷል አትበሉ። 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከመቀዳቱ በፊት ሙሉ በሙሉ መቅለጡን አረጋግጡ። መርፌውም ቀዝቃዛ ከሆነ ጫፉ ላይ ይረጋል፤ ያኔ 0.46 ያለው ሲሪንጅ ከዚያ ያነሰ ያወርዳል።

የሙቀቱ ጉዳይ፣ በተለይ በከፍታ ቦታ ለሚሠሩ

ጽሑፎች ላይ «ቶሉኢን፣ 110 ዲግሪ» ተብሎ የሚነበበው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ቤተ ሙከራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ግድም ነው፤ ቶሉኢን በክፍት ሪፍላክስ የሚፈላውም 101 ወይም 102 ዲግሪ ላይ ነው። የዘይቱ መታጠቢያ 125 ቢያሳይም ፍላስኩ ውስጥ ያለው ከዚያ አያልፍም። የ9 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ፍጥነቱን ግን በግምት ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ በአዮዳይድ ላይ ሰዓት በመጨመር ይካካሳል፣ በብሮማይድ ላይ ግን ሪአክሽኑን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ጎንደርና መቀሌም ልዩነቱ ጠበብ ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ በተዘጋ ቱቦ መሥራት ነው፤ ከታች ያለው አሠራር ይህን ይከተላል። 110 ዲግሪ ላይ የቶሉኢኑ እንፋሎትና የተዘጋው አርጎን ተደምረው ከውጭው አየር በላይ 1.2 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ቱቦው የተሰነጠቀ ወይም የተጫረ እንዳይሆን፣ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፣ ፊውም ሁዱ መስኮት ወርዶ እንዲሠራ። ሌላው መንገድ ቶሉኢኑን በዛይሊን መተካት ነው። ዛይሊን በአዲስ አበባ ከፍታም ከ125 ዲግሪ በላይ ስለሚፈላ፣ የውስጡ ሙቀት 110 ላይ ሳይፈላ በአርጎን በብለር ሥር መቀመጥ ይችላል። መጠኑ ከ20 ሚሊ ሞል ሲያልፍ ከተዘጋ ቱቦ ይልቅ ይህኛውን ብትመርጡ ጥሩ ነው። ጉዳቱ በኋላ ዛይሊኑን ማትነኑ ቶሉኢንን ከማትነን ይከብዳል።

አሠራር

1. ቱቦውንና ማግኔቱን ቢያንስ ለ2 ሰዓት 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አድርቁ፤ በቫኪዩም ሥር አቀዝቅዙት።

2. ቶሉኢኑን ለብቻው አዘጋጁ፦ 20 ሚሊ ሊትር በሴፕተም በተዘጋ ፍላስክ ውስጥ አድርጋችሁ በረጅም መርፌ አርጎን ለ20 ደቂቃ አሳልፉበት። መውጫ መርፌ ሰክታችሁ እንደሆነ እዩ።

3. ፖታሲየም ፎስፌቱን፣ ኮፐር አዮዳይዱንና 4-አዮዶአኒሶሉን በዚሁ ቅደም ተከተል ወደ ቱቦው ጨምሩ። በአንገቱ ላይ የተጣበቀውን ዱቄት በብሩሽ አውርዱት፤ እዚያ የቀረ መዳብ ወደ ሥራው አይገባም።

4. ቱቦውን ቫኪዩም አድርጋችሁ በአርጎን ሙሉት፤ ይህን 3 ጊዜ ድገሙ። የቫኪዩሙን ቧንቧ በአንዴ ከከፈታችሁት የደቀቀው ፎስፌት ተነሥቶ መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ ለ10 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

5. በአርጎን ፍሰት ሥር ቶሉኢኑን 5 ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎ ፒሮሊዲኖኑን፣ በመጨረሻ ዳያሚኑን በሲሪንጅ ጨምሩ። ዳያሚኑ መጨረሻ የሚሆንበት ምክንያት አለ፦ አማይዱ በሌለበት ከአዮዳይዱና ከመዳቡ ጋር ብቻውን ከቆየ ራሱ አሪል ሊቀበል ይችላል።

6. ቱቦውን ዝጉ፤ ክፍሉ ሙቀት ላይ 5 ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ አስቀድሞ 110 ዲግሪ ወደ ደረሰ የዘይት መታጠቢያ ወይም የአሉሚኒየም ብሎክ አውርዱት። ዘይቱ ከፈሳሹ ገጽ ትንሽ ከፍ ይበል።

7. ማማሰያውን ቢያንስ 800 ዙር በደቂቃ ላይ አድርጉ፤ ጨው ከታች ሳይረጋ መላው እንደ ቀጭን ሊጥ ሲዞር በዓይን መታየት አለበት። ማግኔቱ እየዘለለ ከቆመ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና አንሱት። ከመሄዳችሁ በፊት 15 ደቂቃ ቆማችሁ እዩት፤ ሌሊት ላይ የቆመ ማግኔት ከመጥፎ ካታሊስት አይተናነስም።

8. ከ20 እስከ 24 ሰዓት አቆዩት።

ፈሳሹ ትንሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ቢኖረው አትደንግጡ፤ ጥቂት ኦክሲጅን ሁልጊዜ ይቀራል። መላው ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ግን ቱቦው አየር ያስገባል።

ቤዙ ዘገምተኛ የሚሆንበት ምክንያት

«ኃይለኛ ቤዝ ብጠቀም ይፈጥናል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ሥራውን የሚሠራው መዳብ በአንድ በኩል ዳያሚኑን፣ በሌላ በኩል አንድ አማይዴት (ፕሮቶኑን ያጣ አማይድ) ይዞ አዮዳይዱን የሚጠብቀው ነው። ሶዲየም ሃይድራይድ ወይም ፖታሲየም ቴርት-ቡቶክሳይድ ከገባ አማይዱ በሙሉ በአንዴ ፕሮቶኑን ያጣል፤ የተትረፈረፈው አማይዴት ዳያሚኑን ገፍቶ ሁለት ሆኖ መዳቡ ላይ ይቀመጣል። ሁለት አማይዴት የያዘ መዳብ አሪል አዮዳይዱን አይነካውም ማለት ይቻላል። ፎስፌቱ ግን ከገጹ ላይ ቀስ እያለ ስለሚሠራ አማይዴቱ የሚወለደው መዳቡ በሚበላው ፍጥነት ልክ ነው። ሊጋንዱ ከመዳቡ በእጥፍ የሚጨመረውም ለዚሁ ፉክክር ነው፤ ወደ 20 ሞል በመቶ ቢያድግም ጉዳት የለውም። ወጪ ለመቀነስ ከተፈለገ መዳቡን መቀነስ ይሻላል እንጂ ሊጋንዱን መቀነስ ራስን መጉዳት ነው።

መከታተል

ሳያስፈልግ ቱቦውን አትክፈቱ። 20 ሰዓት ሲሞላ ከ60 ዲግሪ በታች አቀዝቅዙት፣ በአርጎን ፍሰት ሥር 0.1 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከ1 ሚሊ ሊትር ኤቲል አሲቴትና ከጥቂት ጠብታ የአሞኒያ ውሃ ጋር ናጡት። የላይኛውን ሽፋን ቲኤልሲ (ስስ ሽፋን ክሮማቶግራፊ) ላይ አድርጋችሁ በሄክሴንና ኤቲል አሲቴት እኩል ድብልቅ አስኪዱት። በ254 ናኖ ሜትር ብርሃን አዮዶአኒሶሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ይታያል፣ ውጤቱ ከመካከል በታች። አሞኒያውን ከዘለላችሁት መዳቡ ነጥቡን ይጎትተውና ሁለቱ የተያያዙ ይመስላሉ።

ኤንኤምአር ካለ ይበልጥ ያረካል። በዲውቴሬትድ ክሎሮፎርም የአዮዶአኒሶሉ አንዱ ደብሌት (ባለ ሁለት ጫፍ ምልክት) 6.68 ፒፒኤም ላይ ለብቻው ይቆማል፤ የውጤቱ ደግሞ 6.90 ላይ ነው። ሁለቱን ብቻ ኢንቴግሬት ብታደርጉ የሄደውን መቶኛ ታገኛላችሁ። የንጹሑ ውጤት ቀሪ ምልክቶች 7.50 ላይ ደብሌት፣ 3.83 ላይ ትሪፕሌት፣ 3.80 ላይ የሜቶክሲው ሲንግሌት፣ 2.59 ላይ ትሪፕሌት፣ 2.15 ላይ ኩዊንቴት ናቸው። 3.83 እና 3.80 በትንሽ መሣሪያ ላይ ስለሚደራረቡ አምስት ፕሮቶን አንድ ላይ ቢነበብ አይግረማችሁ።

ማውጣትና ማጥራት

ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ በ20 ሚሊ ሊትር ኤቲል አሲቴት አቅጥኑት፤ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሲሊካ ንጣፍ አጣሩት፤ ንጣፉን በ10 ሚሊ ሊትር ኤቲል አሲቴት 3 ጊዜ እጠቡ። ከመዳቡ አብዛኛው እዚህ ሲሊካው ላይ ይቀራል።

ከዚያ የተጣራውን 1 እጅ ኮንሰንትሬትድ አሞኒያና 9 እጅ ሳቹሬትድ አሞኒየም ክሎራይድ በተቀላቀለበት 15 ሚሊ ሊትር እጠቡ። የታችኛው የውሃ ሽፋን ወዲያው ሳይሆን ከተናጠና አየር ካገኘ በኋላ ይሰማያል፤ የተቀረው መዳብ ወደ ውሃው እየወጣ ነው ማለት ነው። ሰማያዊው እስኪጠፋ ድገሙት፤ ሁለት ዙር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የተረፈው ፒሮሊዲኖን ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ አንድ ዙር በንጹሕ ውሃ ማጠብ ኮለሙን (በሲሊካ ዓምድ የሚደረገውን ማጥራት) ያቀልላል። በጨው ውሃ እጠቡ፣ በሶዲየም ሰልፌት አድርቁ፣ አትንኑ።

ኮለም፦ 40 ግራም ሲሊካ፣ ሄክሴንና ኤቲል አሲቴት 1 ለ 1 ተጀምሮ ወደ 1 ለ 3 የሚያድግ። አዮዶአኒሶሉ ቀድሞ ይወጣል። ሙሉው ቢገኝ 0.956 ግራም ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከ0.80 እስከ 0.90 ግራም ነጭ ጠጣር ይጠበቃል። ሮዝ ወይም ቡናማ ጥላ ከያዘ ከኤቲል አሲቴትና ሄክሴን እንደገና ክሪስታል ማድረግ ይበቃዋል።

ውጤቱ ለመድኃኒት ሥራ የሚሄድ ከሆነ የመዳብ ብልጫ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ በዓለም አቀፉ የአይሲኤች ኪው3ዲ መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት በቀን የሚፈቀደው መዳብ 3000 ማይክሮ ግራም ሲሆን ለፓላዲየም 100 ብቻ ነው።

እንቢ ሲል

ምንም አልሄደም፣ ፈሳሹም ደማቅ ሰማያዊ ነው፦ አየር ነው። የቱቦውን ክዳን ወይም የቴፍሎኑን ቀለበት ቀይሩ። ምንም አልሄደም፣ ጨው ግድግዳው ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሯል፦ ፎስፌቱ ውሃ ይዟል፤ እንደገና ይድረቅ። ምንም አልሄደም፣ ቀለሙም ጨውም ደህና ነው፦ ወደ ጠርሙሶቹ ተመልሳችሁ የካስ ቁጥሮቹን አንብቡ።

ቱቦው ግድግዳ ላይ ቀላ ያለ መስተዋት ወይም ጥቁር ዱቄት መታየቱ መዳቡ ወደ ብረትነቱ መመለሱን ያሳያል። ሊጋንድ ሲያንስ ባለ አንድ ቻርጁ መዳብ ራሱን ከፍሎ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ባለ ሁለት ቻርጅ ይሆናል። የ100 ማይክሮ ሊትሩን ሲሪንጅ ፈትሹ፤ 54 ማይክሮ ሊትር ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ብዙ ናት።

አዮዳይዱ አልቆ ውጤቱ ግን ከተጠበቀው ካነሰ ሦስት መንገድ ሄዶ ይሆናል። 4-ሜቶክሲፌኖል ከተገኘ ውሃ ነበረ። አዮዲኑ በሃይድሮጅን ተተክቶ አኒሶል ከሆነ በቲኤልሲ ላታዩት ትችላላችሁ፤ ሶልቨንቱን ስታተንኑ አብሮ ስለሚሄድ ሚዛኑ ብቻ ይጎድላል፤ ስለዚህ ሳይተን በፊት ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፊ) ካለ እዚያ ላይ እዩት። ሦስተኛው የዳያሚኑ ራሱ አሪል መቀበል ነው፤ ይህ የሚበዛው አማይዱ ሰነፍ ሲሆን ነው። ያኔ ሊጋንዱን በትራንስ-ዲሜቲል ሳይክሎሄክሴን ዳያሚን መተካት ይረዳል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይጸናል።

60 በመቶ ላይ የቆመ ሪአክሽን በተጨማሪ 5 ሞል በመቶ ኮፐር አዮዳይድና 10 ሞል በመቶ ሊጋንድ አንዳንዴ ይነሣል። ሙቀት መጨመር ግን እምብዛም አያዋጣም።

በሌሎች መነሻዎች

ላክታሞችና አንደኛ ደረጃ አማይዶች በዚሁ ልክ ይሄዳሉ። ቀለበት ያልሆኑ ሁለተኛ ደረጃ አማይዶች፣ ለምሳሌ ኤን-ሜቲል አሴታማይድ፣ ይዘገያሉ፤ መዳቡን 10፣ ሊጋንዱን 20 ሞል በመቶ አድርጉ። ኢንዶልና ፒራዞልም በፎስፌት ይሠራሉ።

መነሻው ብሮማይድ ከሆነና ከዘገየ አስቀድሞ ወደ አዮዳይድ መለወጥ ይቻላል፦ 5 ሞል በመቶ ኮፐር አዮዳይድ፣ 10 ሞል በመቶ ይኸው ዳያሚን፣ 2 እጥፍ ሶዲየም አዮዳይድ፣ በዳይኦክሴን 110 ዲግሪ ላይ ለ24 ሰዓት። ዳይኦክሴን በባሕር ጠለልም የሚፈላው 101 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ይህ በየትኛውም ከተማ የተዘጋ ቱቦ ይጠይቃል። ክሎራይድ ላይ በዚህ ሊጋንድ ጊዜ ከማጥፋት የዳዌይ ማ ቡድን ወዳዘጋጃቸው ኦክሳላማይድ ሊጋንዶች መሄድ ይሻላል።

ሰማያዊው የአሞኒያ ውሃ ወደ ቧንቧ አይደፋም፤ መዳብ ለውሃ እንስሳት መርዝ ነው። ምልክት በተደረገበት የከባድ ብረት ዕቃ ውስጥ ይከማች፤ በረኪና ካለበት ቆሻሻ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ ከአሞኒያው ጋር መርዛማ ክሎራሚን ይፈጥራል። ከኮለሙ መጀመሪያ የወጣው አዮዳይድ ያለበት ክፍል ደግሞ ሃሎጅን ወዳለበት የሶልቨንት ቆሻሻ ይሄዳል።